ባዶውን የተፈተነ መኪና

ሰዎች «እንድሪስ ጡረታ ወጣ» ይላሉ። ውሸት ነው። ጡረታ የሚወጣ ሰው በየወሩ የሚቀበለው ነገር አለው፤ ያመሰገነው አለቃ አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ወረቀት አለው። እኔ ከመኪና ሥር ወጣሁ፣ እጄን በናፍጣ ታጠብኩ፣ ሄድኩ። ይኸው ነው። ሰው አገር ለሠራ ሰው የሚያልቀው እንዲህ ነው። ስለ ደመወዙና ስለ ኢቃማው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ከዚህ በላይ አላወራም፣ ያናድደኛል።

ፊደል የቆጠርኩት አሰብ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ሳልጨርሰው ባሕር ተሻገርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ጠማማ ቢሆን የሚስቅ ይሳቅ። የምጽፈው መኪና ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ነው። ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው። ሰውም በልቷል፤ እደርስበታለሁ።

ከካምቢዮ ተነሥቶ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄድ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፣ ካርዳን የሚሉት። በሁለት ጫፉ ላይ አራት እጅ ያለው ትንሽ ብረት አለ። እኛ በጣልያኑ ክሮቼራ እንለዋለን፣ ዐረቦቹ ሰሊብ ይሉታል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉ እንደ እጅ አንጓ እንዲታጠፍ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ዘንጉ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰበር ነበር። ግን ጠባይ አለው። ታጥፎ ሲዞር እኩል አይዞርም። በአንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በዓይንህ አታየውም። የሚያውቀው መቀመጫህ ነው።

አሰብ ሳለሁ ሥራዬ የተፈታ ዕቃ ማጠብ ነበር። የብረቱን ስም ከጣልያን ጊዜ ሠራተኞች አፍ ለቀምኩ፣ ሌላ ያስተማረኝ የለም። ዐደን ስደርስ የገባሁት ከጀበል ሐዲድ ሥር ካለ የመንግሥት ወርክሾፕ ነው። አለቃው ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር። ስለ ሠራተኛው መደብ ሲናገር ምራቁ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ መኪና ሥር ግን ገብቶ አያውቅም። ብረቱን የሚያውቀው ዐም ሳሊም ነበር፤ «ዐም» እንደ ጋሼ ነው፣ ሲጠሩህ «ያ ዐም» ይሉሃል።

ሳሊም የዐደን ተወላጅ ነው፤ ቀጭን፣ ፉጣ የሚሉትን ሽርጥ ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ የሚያስር፣ ጨጓራውን የሚያመው ሰው። ሥራውን የለመደው በእንግሊዞቹ ጊዜ ነው። መፍቻውን «ስፓና» ይላል፣ እሱንም «ፎርማን» ብለው ካልጠሩት አይዞርም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣

«ሐበሺ፣ ጫማህን አውልቅ» አለኝ።

«ለምን?»

«ጫማ ያጠለቀ እግር ደንቆሮ ነው።»

እሱ መኪና የሚሞክረው ሁልጊዜ በባዶ እግሩ ነበር። መንቀጥቀጡ ከመሪው ከመጣ የፊት ጎማ ነው፤ ከወለሉና ከመቀመጫው ከመጣ ከኋላ ነው ወይም ካርዳኑ ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የማያውቁት። ሳሊም አፉን ገጥሞ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ «እምምም» እያለ ድምፁን ከመኪናው ድምፅ ጋር እስኪያጋጥመው ድረስ። ጎማ ሲሆን ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። ካርዳን ሚዛኑ ሲዛባ ቀጠን ይላል። ክሮቼራ በአንግሉ፣ በሚታጠፍበት ልክ፣ ሲጣላ ደግሞ ከሱም እጥፍ ይቀጥናል፤ እንደ ትንኝ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ሳሊም ሦስቱንም በጉሮሮው ያወጣቸው ነበር። አንድ ሾፌር አጠገቡ ተቀምጦ ሲሰማው ቆየና፣ «ወላሂ ይኼ ሰውዬ ሞተር ውጧል» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳሊም አልሳቀም። «አንተ ያልዋጥከውን እኔ ዋጥኩልህ። የኋላው ሰሊብ ነው፣ አውርዱት» አለ። ወረደ፤ እሱው ሆነ።

እኔ ያን ማንጎራጎር ለመልመድ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም። ሚስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ቤት ውስጥ ሳንጎራጉር ትሰማኝና «ደሞ ማነው የታመመው፣ የጭነቱ መኪና ነው ታክሲው?» ትለኝ ነበር።

ቡረይቃ በሚባለው የዐደን ሰፈር የዓሣ መኪኖች ነበሩ፣ በሰላሕ አድ-ዲን መንገድ የሚመላለሱ። አንደኛው ይንቀጠቀጥ ነበር። በረዶው ተፈጭቶ ያልቃል፣ ዓሣው ገበያ ሲደርስ ገንፎ ይሆናል። ክሮቼራው ተቀየረ። እንደገና ተቀየረ። የሚቀይረው እኔ ነበርኩ፣ የሚሰደበውም እኔ። በመጨረሻ ሳሊም መጣ። ከሥር ተጋደመና ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረው፣ እንደ ጠመንጃ።

«ና እይ። ሹካዎቹን እይ» አለኝ።

ክሮቼራውን የሚይዙት ብረቶች ሹካ ይመስላሉ። የፊተኛው ሹካ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኋለኛው ትንሽ ጠመም ብሏል። ዘንጉ መሃል ላይ ጥርስ በጥርስ እየገባ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ቦታ አለው። ከኛ በፊት የፈታው ሰው ሲመልሰው አንድ ጥርስ አሳልፎ አስገብቶታል። አንድ ጥርስ ብቻ።

«ጀናዛ ተሸክመህ ታውቃለህ?» አለኝ እንደተጋደመ።

«አውቃለሁ።»

«የፊተኛው ቀኝ እግሩን ሲያነሣ፣ የኋለኛው የትኛውን ያነሣል?»

«እኔ እንጃ።»

«ሟቹ ያውቃል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊተኛው ክሮቼራ ሲያፈጥን የኋለኛው ማዘግየት አለበት፤ ያኛው ሲያዘገይ ይኼኛው ማፍጠን። አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያስተካክላል። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሹካዎቹ በአንድ መስመር እንዲቆሙ፣ ሁለቱ ክሮቼራዎች እኩል እንዲታጠፉ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሁለት ጥፋት ይደመራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንግ ከመፍታቴ በፊት ሁለቱንም ወገን በመዶሻና በሚስማር ምልክት ሳላደርግ አልነካም። ዛሬ ዐደን ውስጥ ምልክት የሚያደርግ ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ ሄጄ ግንባሩን እስመዋለሁ። ዛሬ መኪና ተንቀጠቀጠ ስትላቸው ጎማ አስመዝን ይሉሃል። ካልሆነ ከአሮጌ ብረት ተራ ሙሉ ዘንግ አምጥተው ይገጥማሉ፤ የማን እንደነበር፣ ከምን እንደወጣ አይጠይቁም። ሥራ ይሉታል ይኼንን።

ያ የመንግሥት ወርክሾፕ ሲፈርስ ሳሊም ዐሪሽ ላይ፣ ወደ ዐብየን በሚወጣው የባሕር መንገድ ዳር፣ የራሱን ወርሻ፣ ጋራዥ፣ ከፈተ። እኔም ተከተልኩት። ትልቁን ልማዱን ያየሁት እዚያ ነው።

በዚህ አገር ፒክአፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከኋላ ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከም ድርብ የብረት ሞላ፣ መጨመር ነው። ፋብሪካው የፈቀደውን ጭነት የሚጭን የለም፤ እጥፉን ነው የሚጭኑት። ጫት፣ ውሃ፣ ሲሚንቶ፣ ሰው። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ቂጥ ይነሣል። ቂጡ ሲነሣ ካርዳኑ ያዘነብላል፣ የሁለቱ ክሮቼራዎች እኩልነት ይጠፋል። ያን ለመመለስ በባሌስትራውና በአክሰሉ መሃል የብረት ሽብልቅ ይገባል፣ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና የሚያደርግ። ጥሩ ነው። ግን ሽብልቁን የምትለካው መኪናው ባዶ ሆኖ ነው ወይስ ተጭኖ? ባዶውን ልክ የነበረው፣ ጭነት ሲያርፍበት ባሌስትራው ይተኛል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው አፍንጫው የባሰ ይነሣል፤ ልክ የነበረው ሁሉ ልክ መሆኑ ይቀራል።

«ባዶ መኪና ውሸታም ነው» ይል ነበር ሳሊም።

ስለዚህ ከባሕሩ ዳር አሸዋ በጆንያ ሞልተን ወርሻው ግድግዳ ሥር ደርድረን ነበር። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ጆንያ ሳይጫን ከወርሻው አይወጣም። ተሸካሚውም ደንበኛው ራሱ ነው፤ የሳሊም ሕግ ነበር። አንድ ወፍራም የጫት ነጋዴ፣

«እኔ መኪና ላሠራ መጣሁ እንጂ ሐማል ልሆን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ ጆንያውን ተሸከም፣ አለዚያ ነገ መኪናውን ትሸከማለህ» አለው ሳሊም።

ሰውዬው እየተሳደበ ተሸከመ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳይባል ነው ጆንያውን ያነሣው።

ሳሊም ሞተ። በጦርነቱ ሰሞን፣ መብራትም ውሃም በሌለበት ሙቀት፣ በልቡ ነው የሞተው። ወርሻው ለልጁ ባል፣ ለፋሪስ ሆነ። የፋሪስ እጅ ክፉ አይደለም፤ ብየዳው ያምራል። ክፉው ሰዓቱ ነው። ቀትር ሲቃረብ ልቡ ወርሻው ውስጥ የለም። ጫቱ ይመጣለታል፣ መቅየል ላይ፣ ጫት በሚቃምበት ቤት፣ ጓደኞቹ ይጠብቁታል፣ ከዚያ ወዲያ ዱንያ ብትገለበጥ አይነሣም። ስለዚህ ሥራ ሁሉ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት። ያላለቀው እንዳለቀ ይቆጠራል።

ጆንያዎቹ በፀሐይ እየተበሉ ተቀደዱ። አሸዋው ፈሰሰ። እንሙላው ስለው ነገ ይለኛል። በማግስቱ ስጠይቀው፣

«ያ ዐም እንድሪስ፣ ምን ያደክመናል? እዚያ ጀውላው ላይ ስንት ሐበሺ ቆሟል። ራሱ የሚወጣ፣ ራሱ የሚወርድ ጭነት እያለ አሸዋ ልሸከም?» አለኝ።

ጀውላ የሚሉት አደባባዩን ነው። ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ለመሄድ መንገድ ላይ ያሉት የኛ ልጆች እዚያ ቆመው የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። ፋሪስ በእጁ ይጠራቸዋል፣ ይሮጣሉ። ፒክአፑ ላይ ይደረደራሉ። መኪናው ወደ ዐብየን መንገድ ወጥቶ ይመለሳል፣ ይወርዳሉ፣ ሩቲ የሚሉት ዳቦና ሻሂ ይሰጣቸዋል። ይኼ ነው ሥራቸው፤ መክበድ። ከነሱ አንዱ እየሳቀ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሩቲውን ከበላሁ በኋላ ብሞከር ይሻላል፣ የበለጠ እከብዳለሁ» ያለኝን አልረሳውም። ሳቅኩ።

ፋሪስን ግን ነገርኩት። «ሰውን እንደ አሸዋ አትጫን። ዘንግ ቢበጠስስ?» አልኩት። «አንተ አስረህ ይበጠሳል?» አለኝ። እንዲህ ነው የሚያፋጥጠኝ።

ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች፣ ከባቲ በኩል። ዐሪሽ ውስጥ አንድ ቤት ሠራተኛ ናት። ጁምዓ ጁምዓ ለጥቂት ሰዓት ሲለቋት ቤቴ ትመጣለች፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጅ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ጁምዓ ፊቷ ሌላ ሆኖ መጣች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከማል ገባ» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ደስ አይልሽም?»

«ገባ እንጂ አልተቀመጠ። ሳዑዲ ካልሄድኩ ይላል። ጋሼ፣ በዚያ መንገድ የሄዱትን እኔ አውቃለሁ። እናቴ የቀራት ወንድ እሱ ብቻ ነው። እዚሁ ዐደን የሚያቆየው ሥራ ይፈልጉለት። መጥረግም ቢሆን። እዚሁ ይሁንልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

እሺ አልኳት። ፋሪስን ለመንኩት፤ እኔ መለመን የማልወድ ሰው ለመንኩት። «ወርሻዬ ውስጥ ለአንድ ሐበሺ ነው ቦታ ያለኝ፣ እሱም አንተ ነህ። ስትሞት ይምጣ» ብሎ ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። ከማልን ጀውላው ላይ አግኝቼ ታገሥ፣ ፋሪስ ባይሆን ሌላ ወርሻ እጠይቅልሃለሁ አልኩት። ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ጢሙ ገና የጠቆረ ወጣት ነው። «እሺ ጋሼ፣ እታገሣለሁ» አለኝ። ሁለት ወርሻ ጠየቅሁ። የለም አሉኝ።

በዚህ መሃል ናስር የሚባል ሾፌር ፒክአፑን ይዞ መጣ። ወደ ማሪብ የሚመላለስ ነው። ፋሪስ ባሌስትራ ጨመረለት፣ ሽብልቁንም ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አስገባ። ለተጫነ መኪና ወፍራም ነው አልኩት። «ልክ ነው» አለኝ። እኔ ዘንጉን ሠራሁ። ሁለቱንም ክሮቼራ አዲስ አስገባሁ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ሹካዎቹን በምልክቴ ላይ መለስኩ። የኔ ሥራ ልክ ነበር። ይህን ዛሬም እላለሁ።

ቀትር ተቃርቧል። ፋሪስ ጀውላውን ተጣራ። ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ተጫኑ። እጄን ጠርጌ ልነዳ ስወጣ ቀና ብዬ አየሁ፣ ከማል ከሰዎቹ መሃል ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ!» አለኝ፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ። «ይኸው እርስዎ ዘንድ ሥራ ገባሁ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። የዘይነባ ወንድም፣ አደራ የተባልኩበት ሰው፣ በጆንያ ቦታ ተቀምጧል። ሽብልቁንም አላመንኩትም ነበር።

«ውረድ» አልኩት።

«ምነው ጋሼ?»

«ውረድ ብያለሁ! ሁላችሁም ውረዱ! ሰው ናችሁ አሸዋ?»

አንዱ «ሩቲው ይቀርብናል» አለ። ሌላው «ሽማግሌው ምን ነክቶታል» አለ። እኔ የኋላውን ከፍቼ በእጄ እየጎተትኩ አወረድኳቸው። ፋሪስ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል። ከማል መጨረሻ ላይ ወረደ። ፊቱ ተለውጧል።

«ሥራ አላገኘህልኝ፣ ያገኘሁትን ከለከልከኝ» አለኝ። አንቱታው ቀረ። «በሰው ፊት አዋረድከኝ። የእህቴ ዘመድ መስለኸኝ ነበር።»

«ነገ ትረዳዋለህ» አልኩት።

«ነገ እዚህ የለሁም» ብሎ ወደ ጀውላው ሄደ። የተናገረው በንዴት መስሎኝ ነበር።

ፋሪስ ጫቱን በብብቱ ይዞ መጣ። «ጨረስክ? ጭነቱን አውርደህልኛል፣ አሁን እንደሆነው ሞክረው።»

«አሸዋ እንሙላ።»

«በዚህ ሰዓት? አንተ ሙላ፣ እኔ አልሞላም። ናስርም አይጠብቅህም።»

ናስርም «ያ ዐም፣ ዕቃዬ እየጠበቀኝ ነው፣ ኻላስ፣ በቃ» አለ።

ጫማዬን አውልቄ ነዳሁት። ባዶውን። በባሕሩ መንገድ ወጣሁ፣ አፈጠንኩት፣ ከዚያም በላይ አፈጠንኩት። ወለሉ ፀጥ ያለ ነው። ላንጎራጉር ሞከርኩ፣ የምይዘው ድምፅ አጣሁ። እንደ ማር ነበር። ተመለስኩና ናስርን፣ «ስትጭነው ቢንቀጠቀጥ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ አቁመህ ተመለስ» አልኩት። «ኢንሻአላህ» አለኝ። ይኼ «ኢንሻአላህ» ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ዙህር ልሰግድ ገባሁ። ስወጣ መኪናው የለም።

ወሬው በማግስቱ መጣ። ናስር ዕቃውን ከጫነ በኋላ በጀውላው ሲያልፍ፣ በማሪብ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሄድ የሚለምን ሰው አገኘ፤ ጫነ። ከማልና ሌሎቹ ነበሩ። ከሹቅራ ከተማ ወዲያ ዐቀባው ላይ፣ ትልቁ ዳገት ላይ፣ የኋላው ክሮቼራ ተሰበረ። የተለቀቀው ዘንግ እየተወራጨ የፍሬኑን ቱቦ በጠሰው። መኪናው ወደ ኋላ ተንከባለለ። ናስር ዘሎ ወረደ፣ ትከሻው ወለቀ። ሌሎቹም የዘለሉት ተረፉ፣ የተሰበሩም አሉ። ከማል ከሥር ቀረ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀበረ። እህቱ አላየችውም።

ዘንጉን የናስር ወንድሞች አምጥተው ወርሻው በር ላይ ወረወሩት። ተንበርክኬ አየሁት። ሹካዎቹ በአንድ መስመር ናቸው፣ ምልክቴ በምልክቴ ላይ ነው። የክሮቼራው እጆች ግን አዲስ አይመስሉም ነበር፤ ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት መርፌዎች ብረቱን እየቀጠቀጡ እንደ ማበጠሪያ አድርገውታል። እንዲህ የሚሆነው አንግሉ ሲጣላ ነው፣ ያውም ሲጣላ ውሎ። ናስር መንቀጥቀጡን ሳይሰማው አይቀርም። ሰምቶ ነድቷል። አልተመለሰም።

«ሽብልቁ ነው» አልኩ።

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለ ፋሪስ።

«የአላህን ቀደር አንተ በመጋዝ አትቆርጠውም። ሽብልቁ ነው።»

የናስር ወንድሞች ፋሪስን አዩ፣ ፋሪስ እኔን አየ። ወዲያው ሁሉም አንድ አፍ ሆኑ፤ ቀደር ነው፣ አላህ ይርሐመው፣ ሽማግሌ ነህ፣ ተው። ለአንድ ሐበሺ ብሎ የሚጣላ ማን አለ? ለቅሶው ላይም የኛው ሰዎች እንዲሁ አሉኝ። እኔ ሽብልቅ ስል እጄን እየያዙ ዝም አስባሉኝ። በሳምንቱ ፋሪስ ሌላ ፒክአፕ ላይ ባሌስትራ ጨምሮ ወደ ጀውላው ሲጣራ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ከመኪና ሥር የወጣሁት። ማንም ወዴት ነህ አላለኝም።

ዘይነባ በሁለተኛው ጁምዓ መጣች። ጥቁር ለብሳ ነበር። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም።

«ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ቀደር ነው ይለኛል። እርስዎ ብቻ ሌላ ነገር አሉ ሲሉ ሰማሁ። ምንድን ነው ወንድሜን የገደለው? ይንገሩኝ።»

ቀደር ነው ማለት እችል ነበር። አልወጣልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ ላይ ያልተጠቀምኩበትን ቃል አሁን ላወጣው አልቻልኩም። መጥረጊያውን አነሣሁና እንጨቱን በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን ያዝኩት። አንጓዎቼን አጥፌ አሳየኋት። ይኼ የፊቱ ነው፣ ይኼ የኋላው። ሁለቱ እኩል ሲታጠፉ አንዱ የሌላውን ያስተካክላል። አንዱን አብዝቼ ሳጥፈው ግን እይ፣ ይጣላሉ። መኪናው ባዶ ሲሆን እኩል ነበሩ። ዕቃውና ሰዉ ሲጫን እኩልነቱ ጠፋ። ዳገቱ ላይ ባሰበት፣ ተሰበረ። በሽብልቁ ነው የሆነው፣ ፋሪስ ወፍራም አድርጎ ስለቆረጠው።

ዘይነባ እጄን እያየች ነበር። በደንብ ነው ያዳመጠችኝ፣ ከብዙ መሐንዲስ በላይ።

«ባዶውን ሲነዱት አልተንቀጠቀጠም?» አለችኝ።

«አልተንቀጠቀጠም።»

«ሰው ቢኖርበትስ ኖሮ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ያው እዚህ፣ በባሕሩ መንገድ ላይ? በሜዳው?»

«አዎ።»

«እርስዎም ያውቁት ነበር።»

«ወዲያው።»

«ከዚያ መኪናው አይሄድም ነበር።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

«ታዲያ ባያወርዱት ኖሮ፣ እዚሁ ተንቀጥቅጦ፣ ሩቲውን በልቶ፣ ማታ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የቤት ሒሳብ እንደምታደርግ ሴት ነው የተናገረችው።

«ሰው ነው ብዬ ነው ያወረድኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ክፉ አላሰቡም።» ሻርፗን አስተካከለች፣ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ግን ጋሼ፣ ለምን አስረዱኝ? ሰዉ ሁሉ እንደሚለው ቀደር ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ አልመጣችም፤ አሠሪዎቿ ከዐሪሽ ወደ ሌላው የዐደን ሰፈር፣ ወደ ክሬተር፣ ሄደዋል ይላሉ፣ አልጠየቅኩም። መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። ተመልሳ መጥታ ብትጠይቀኝ ግን እኔ ሌላ የምላት የለኝም፤ አንግሉን ነው የምነግራት።